ከምርጊት እስከ ቅብ፦ የዘጌን የግድግዳ ሥዕል አሠራር በሦስት ሰሌዳ የመፈተን የሥራ ማስታወሻ

በጣና ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የምናያቸው ትልልቅ ሥዕሎች ብዙዎቹ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣሉ አይደሉም። መጀመሪያ የጭቃ ምርጊት አለ፤ ምርጊቱ ላይ የጥጥ ጨርቅ ተለጥፏል፤ ጨርቁ ላይ ነጭ መደብ ተቀብቷል፤ ቀለሙ የሚያርፈው ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሥዕል የሚያጠና ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገለብጠው ከፎቶግራፍ፣ የሚሥለውም ተዘጋጅቶ በተሸጠ ሸራ ላይ ነው። መስመሩንና ቀለሙን ይማራል፤ ጨርቁ ለምን ከግድግዳ እንደሚላቀቅ፣ ቀለሙ ለምን እንደሚረግፍ ሳያውቅ ይመረቃል። ይህ የአንድ ሴሚስተር ሥራ የተያዘው ለዚህ ነው። 60 በ 80 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ሰሌዳዎችን ከጭቃው ጀምሮ መሥራት፣ ጨርቁን በሦስት ዓይነት ማጣበቂያ መለጠፍ፣ መሣል፣ በመጨረሻም ሆን ብሎ በውሃ መፈተን። የተጀመረው በኅዳር መግቢያ ነው፤ ክረምት ላይ ቢሆን ጭቃውም ሙጫውም በጊዜ አይደርቁም ነበር።

ቀን 1፦ ጄሶ መግደል

ከላይ የሚቀባው ነጭ መደብ አንድ ወር ዝግጅት ስለሚፈልግ ቀድሞ ይጀመራል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ጄሶ የተቃጠለ ጂፕሰም ነው፤ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። እንዲሁ ሙጫ ውስጥ ቢጨመር ድስቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በብዙ ውሃ ውስጥ ሳይጠነክር እየተማሰለ የመጠንከር ኃይሉን እንዲያጣ ይደረጋል፤ መግደል የምንለው ይህንን ነው።

መጠኑ 1 ኪሎ ጄሶ በ 10 ሊትር ውሃ ነው። ጄሶው በወንፊት ወደ ውሃው ቀስ እያለ ይነፋል፤ ውሃው ጄሶው ላይ አይገለበጥም። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ማማሰል ነው። የመጀመሪያው ባልዲ ተበላሽቷል፤ ማማሰሉ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሲቋረጥ ታቹ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ቅርፊት ጋገረ። ቅርፊቱን ሰባብሮ መቀጠል አይጠቅምም፤ የጠነከረው ፍርፋሪ በኋላ ብሩሽ ሥር እየገባ ጨርቁን ይጭራል። ሁለተኛው ባልዲ በሁለት ሰው እየተተካካ ተማሰለ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ 10 ደቂቃ ይማሰላል፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ የጠራው ውሃ ተደፍቶ አዲስ ይጨመራል።

ጎጃም ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሌላም መንገድ አለ። በዓባይ ሸለቆ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል፣ ከኖራ ድንጋዩ በታች የጂፕሰም ንብርብር ይገኛል። ያልተቃጠለ ጂፕሰም ከመጀመሪያውም አይጠነክርም፤ ተፈጭቶ በቀጭን ጨርቅ ከተነፋ መግደል አያስፈልገውም። የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ከዚህ ቢጀምር አንድ ወር ያተርፋል።

ቀን 2፦ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሴት ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ወደ ክብራን ገብርኤል ሊሄድ አይችልም፤ ዑራ ግን ሁሉም ይገባል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ ተከፍሏል፤ ሥዕሎቹ የመቅደሱን ግድግዳ በውጭ በኩል ዙሪያውን ሸፍነውታል።

ይዞ የሚገባው እርሳስ፣ ወረቀትና በቤት የተዘጋጀ የቀለም ናሙና ካርድ ብቻ ነው። ፍላሽ አይበራም፤ ሥዕሉም በጣት አይነካም። ከሥዕሉ ታሪክ ይልቅ የተመዘገበው ከሥሩ ያለው ነው፦ የጨርቁ መገጣጠሚያ የት ላይ ነው? ጠርዙ ወዴት ታጥፏል? የውሃ መስመር የት ቆሟል? በበሩ የሚገባው ብርሃን በጎን ሲያርፍ ከግድግዳው ለቆ ያበጠ ጨርቅ ጥላ ይጥላል። ከፎቶግራፍ የማይታየው ይህ ነው፤ የዚህ ቀን ትልቁ ትርፍም ይኸው ሆነ። ያበጠው በብዛት ከታችና በመገጣጠሚያው አካባቢ ነው።

ስለ ስልቱ አጭር ማስታወሻ። የመጀመሪያው የጎንደር ስልት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዳበረ ሲሆን ጀርባውን በአንድ ወጥ ቀለም ይሞላል፤ ልብሱንም ጎን ለጎን በሚሄዱ መስመሮች ያጥፋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ያደገው ሁለተኛው ስልት ግን ጀርባውን ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው እያደበዘዘ ያሻግራል፤ ፊትን በጥላ ያነሣል። ለእኛ ሰሌዳዎች ነጭ ፈረስ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመረጠ፤ ከወገብ በላይና የፈረሱ አንገት ብቻ። ምክንያቱ ፈረሱ ነው። የፈረሱ ነጭነት መደቡ ራሱ ስለሚሆን መደቡ ቢበላሽ የሚሸፍነው ቀለም የለም።

ቀን 4–6፦ አፈር

ሁለት አፈር መጣ፦ ከሜራዊ ቀይ፣ ከቢቸና አካባቢ ጥቁር መረሬ። እያንዳንዱ በውሃ ተለውሶ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የእንጨት ቅርጽ ውስጥ ተሞላ፤ ጥላ ውስጥ ደረቀ፤ ተለካ። መረሬው 17.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። ቀዩ 19.2 ሆነ። ቀዩ ከአሸዋና ከጤፍ ጭድ ጋር ሲቀላቀል 19.6 ላይ ቆመ።

መረሬ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር አፈር ነው። በጋ ላይ የቢቸናን ማሳ ያየ ሰው እግር የሚያስገባውን ስንጥቅ ያውቀዋል። ጨርቅ ከለጠፉበት ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ከሥሩ ይንቀሳቀስበታል። ለምርጊት ቀዩ ብቻ ተወሰደ።

ቀን 7–12፦ ጭቃ ማቡካት

የአንድ ሰሌዳ ጭቃ ስሌት፦ 60 በ 80 በ 4 ሳንቲ ሜትር 19 ሊትር ያህል ይሆናል። ሲደርቅም 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ስለዚህ ክፈፉ ከወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ተሠርቶ ከጀርባው በሁለት አግዳሚ ተጠናከረ። በክፈፉ ውስጥ የተፈለጠ ባሕር ዛፍ በ 5 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደ ማገር ተመታ። ኮምፔንሳቶ ላይ መለጠፍ ይቀላል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ኮምፔንሳቶ ግን ጭቃ አይጨብጥም፣ በአንድ በኩል ብቻ ሲረጥብም ይጣመማል።

ድብልቁ በባልዲ ሲሰፈር ቀይ አፈር 3፣ አሸዋ 1፣ ከ 3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ የጤፍ ጭድ 1 ነው። ተረግጦ ተለወሰ፤ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ አምስት ቀን ቦካ። ሲቦካ ጭዱ ይለሰልሳል፤ ጭቃው ይያያዛል። በሦስተኛው ቀን የሚሸተው ሽታ የብልሽት ሳይሆን የመድረስ ምልክት ነው።

ቀን 13–22፦ ምርጊት

አንደኛው እጅ 2.5 ሳንቲ ሜትር፤ ማገሩ መሐል እየተገፋ እንዲገባ በመዳፍ ይመታል። ፊቱ አይለሰልስም፤ በጣት ይቧጠጣል፤ ሁለተኛው እጅ የሚይዘው በቧጨራው ነው። በስድስተኛው ቀን የፀጉር ስንጥቅ ሲታይ ፊቱን አርሶ 1 ሳንቲ ሜትር ሁለተኛ እጅ ተጨመረ። በመጨረሻም ከተነፋ ቀይ አፈርና ከትኩስ እበት እኩል በእኩል የተሠራ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ልቅለቃ። እበቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ጭረት ፊቱን ያያይዘዋል።

ሰሌዳ ለ ከመስኮት አጠገብ ስለቆመ በአንድ በኩል ቶሎ ደርቆ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ በልቅለቃ ተሞላ፤ ሰሌዳው ወደ ጥላ ተወሰደ። ጭቃን ፀሐይ ላይ ማድረቅ ጊዜ አያተርፍም።

ቀን 20–28፦ ሙጫ

የዚህ ሥራ ልብ ሙጫው ነው፤ ብዙ ቀን የተሰጠውም ለዚህ ነው።

ከብራና ፋቂዎች የተገኘ የፍየል ብራና ቁርጥራጭ ከሁሉ የተሻለ ሙጫ ይሰጣል፤ ጨው አልነካውም፣ ፀጉሩና ስቡም አስቀድሞ ተፍቋል። 60 ግራም ቁርጥራጭ በ 1 ሊትር ውሃ ያድራል። በማግስቱ ድስቱ ሌላ ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ ተቀምጦ በ 75 እና በ 80 ዲግሪ መካከል ለ 4 ሰዓት ይቆያል፤ የተነነው ውሃ ይተካል። መፍላት የለበትም፤ ሲፈላ ሙጫው ኃይሉን ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በዓይን ገና ነው ሲሉት አልፎ ይገኛል። ቴርሞሜትር ከሌለ እንፋሎቱ ይታያል ግን አረፋ አይነሣም፤ እዚያ ላይ እሳቱ ይቀነሳል። በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል።

ፈተናው ይህ ነው። አንድ ስኒ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ ረግቶ በጣት ሲጫኑት ተሰንጥቆ ከተከፈለ ለጨርቅ ይበቃል። እንደ ሾርባ ከፈሰሰ እንደገና እሳት ላይ ይቆይ። በባሕር ዳር የቀን ሙቀት ጥሩ ሙጫም ሳይረጋ ስለሚውል ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መፍረድ ያሳስታል።

ለማነጻጸር በጨው ከደረቀ የበሬ ቆዳም ሙጫ ተሠራ። አንድ ጠብታ መስታወት ላይ ደርቆ ሲታይ ጠርዙ ላይ ነጭ ቅንጣት አበቀለ፤ ጨው ነው። ጨው እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ሥዕሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ያልበዋል። ቆዳው ውሃው እየተቀየረ ሦስት ቀን ቢዘፈዘፍም ቅንጣቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በ 20 በ 20 ሳንቲ ሜትር ናሙና ላይ ብቻ እንዲሞከር ተወሰነ።

የሌሎቹ ማጣበቂያዎች ዝግጅት ቀላል ነው። ለሰሌዳ ለ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ እየተማሰለ 15 ደቂቃ ተቀቀለ። ለሰሌዳ ሐ ከሱቅ የተገዛ ቪናቪል (ነጭ የእንጨት ማጣበቂያ) በእኩል ውሃ ቀጠነ። ሰሌዳ ሀ የብራናውን ሙጫ ወሰደ።

ቀን 29፦ ጨርቅ መለጠፍ

የፋብሪካው አቡጀዴ ማጠንከሪያ ስላለበት በሳሙና ተቀቅሎ ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ በርዝመቱም አጠረ። ሳይታጠብ ቢለጠፍ ኖሮ ያን ማጠር ሰሌዳው ላይ ሆኖ ያደርገው ነበር። የቆራረጥነው 66 በ 86 አድርገን ነው፤ በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ለማጠፊያ። ድሩ ከላይ ወደ ታች እንዲሄድ ይደረጋል።

ከመለጠፉ በፊት የምርጊቱ ፊት በለስላሳ መጥረጊያ ተጠርጎ በቀጭን ሙጫ (አንድ እጅ ሙጫ፣ ሁለት እጅ ውሃ) ይረሳል። ይህ ካልተደረገ ጨርቁ የሚጣበቀው ከግድግዳው ጋር ሳይሆን ከአቧራው ጋር ነው። ከደረቀ በኋላ ሞቅ ያለ ሙጫ ምርጊቱም ጨርቁም ላይ ይቀባል። ሁለት ሰው ጨርቁን ይዞ ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ እየገፋ አየሩን ያስወጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተደረገና ከሸፈ። የኅዳር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ሙጫው ጨርቁ ሳይያዝ ረጋ። በጥፍር መታ መታ ሲደረግ ብዙ ቦታ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ተላጠ፣ በሙቅ ውሃ ታጠበ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ እንደገና ተለጠፈ፤ ያኔ ያዘ። የብራና ሙጫ መላጥና መድገም ይፈቅዳል። ቪናቪል አይፈቅድም።

ቀን 33–35፦ መደብ

የተገደለው ጄሶ ለሁለት ቀን ረግቶ ውሃው ተደፋ፤ ቂጣ አድርገን በጨርቅ ጨመቅነው። ሙቅ ሙጫ ውስጥ እየተፈረፈረ ይገባል፤ መጠኑ በስኒ ሲለካ አንድ ሙጫ ለአንድ ተኩል ጄሶ ነው። ቀስ ተብሎ ይቀላቀላል፤ በኃይል ከተመታ አረፋው ሲደርቅ የመርፌ ቀዳዳ ይሆናል።

ለእንጨት ሰሌዳ እስከ ስምንት እጅ ይቀባል፤ ለጨርቅ ግን ሦስት ይበቃል። ጨርቅ ይንቀሳቀሳል፤ ወፍራም መደብ አብሮት ስለማይታጠፍ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሄዳል። ከታች ያለው ሙጫ ከላይኛው ሁልጊዜ የበረታ ይሁን፤ ለሦስተኛው እጅ በአንድ ሊትር ሙጫ ሩብ ሊትር ውሃ ጨምረናል። ይህ ከተገለበጠ የበረታው የላይኛው ሽፋን ሲደርቅ ደካማውን ከሥሩ ይነቅለዋል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለ ውሃ ተለሰለሰ።

ቀን 36–39፦ ቀለም

ቀይና ቢጫ አፈር እያንዳንዱ በባልዲ ውሃ ተበጥብጦ እስከ 60 ይቆጠራል፤ አሸዋው ይዘቅጣል፣ ደፍራሹ ወደ ሌላ ባልዲ ይገለበጣል። ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ አድሮ የረጋው ደለል ይደርቃል፤ በወፍጮና በመጅ ይፈጫል። በጥርስ መሐል ካልሻከረ ደርሷል።

ከአንድ ቢጫ አፈር ሦስት ቀይ ይወጣል። የብረት ምጣድ ላይ ሲቆላ በ 250 እና በ 300 ዲግሪ መካከል ቢጫውን የሚሰጠው ማዕድን ውሃውን አጥቶ ወደ ቀይ ይለወጣል፦ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ የሸክላ ቀይ፣ ቆይቶ ደግሞ ጠይም ቀይ። ትኩስ እያለ የሚታየው ከእውነቱ የጨለመ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ አውጥቶ አቀዝቅዞ ማየት ያስፈልጋል። ጥቁሩ የኩራዝ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በጥቂት አረቄ ይለወሳል።

ሰማያዊው ሰው ሠራሽ አልትራማሪን ነው። ይህ ቀለም አውሮፓ ውስጥ መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820ዎቹ መጨረሻ በመሆኑ፣ እርሱ ያለበት ሥዕል ከዚያ ወዲህ የተሣለ ወይም ከዚያ ወዲህ የተነካካ ነው። ለአጥኚ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። አሲድ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ አቼቶ የገባበት እንቁላል ውስጥ አይጨመርም። አርሴኒክ ያለበት ቢጫና ሜርኩሪ ያለበት ቀይ በክፍላችን አይፈጩም፤ አፈሩ ይበቃል። የሚፈጭ ሁሉ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ቀን 40–52፦ ንድፍና ቅብ

ንድፉ ወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ ተሠርቶ በመርፌ ተበሳሳ፤ በቀጭን ጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት በላዩ ሲመታ ነጥቦቹ መደቡ ላይ ወረዱ። ነጥቦቹን በውሃ የቀጠነ ቀይ አፈር አገናኛቸው። ከዚያ በኋላ ከሰሉ በላባ ይጠረጋል፤ ከቀረ ነጩን ፈረስ ያቆሽሻል።

ጀርባውና ልብሱ በሙጫ የተለወሰ ቀለም ነው፤ ለዚህ የመጀመሪያው ሙጫ በእኩል ውሃ ይቀጥናል። በሙጫ የተሠራ ቀለም ሲደርቅ በጣም ይነጣል፤ እርጥቡን አይቶ የሚወስን ሰው ይሳሳታል። ለዚህ ሁሉም ድብልቅ መጀመሪያ መደብ በተቀባ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ደርቆ ይታያል። ከቢጫ ወደ ቀይ የሚሻገረው የጀርባ ቅብ በሙጫ ቀለም ሦስት ጊዜ ከሸፈ፤ ሁለተኛው ብሩሽ ሲያልፍ የታችኛው እየሟሟ ጭቃ ሆነ። መፍትሔው ሁለቱን ቀለም ጎን ለጎን ወጥ አድርጎ ቀብቶ፣ መሸጋገሪያውን በእንቁላል ቀለም በቀጫጭን ጭረት ማቋረጥ ነው።

ለእንቁላሉ አስኳሉ ከነጩ ይለያል፤ ወረቀት ላይ ተንከባሎ ይደርቃል፤ በጣት ተይዞ ሽፋኑ ይበሳል፤ የሚፈሰው ብቻ ስኒ ውስጥ ይገባል። አንድ ማንኪያ ውሃ ይጨመራል። በውሃ የተለወሰ ቀለምና አስኳል እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ። መስታወት ላይ ቀብቶ ሲደርቅ በምላጭ ሲገፋ እንደ ሽፋን ተጠቅልሎ ከተነሣ ልክ ነው፤ ዱቄት ከሆነ አስኳል አንሶታል፣ ከተለጠጠና ካብረቀረቀ በዝቶበታል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳል ደማቅ ቢጫ ቢሆንም አያሳስብም፤ ብርሃን ላይ ቢጫነቱ ይጠፋል።

ፊቱ መጨረሻ ላይ ይሠራል። ወጥ ቢጫ ቡኒ ከሥር፣ በጉንጭና በዓይን ቆብ ላይ ቀይ ጭረት፣ በመጨረሻ የጠቆረ ቡኒ መስመር። ጊዮርጊስ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይን ይታያል፤ በዚህ ወግ በጎን የሚሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ክፉው ነው። የዓይን መስመር በአንድ ትንፋሽ ይሳባል። ቀጥ ብሎ ካልሄደ ከመጠገን እርጥብ ጥጥ ይዞ ማንሣትና መድገም ይሻላል፤ የተጠገነ መስመር ከሩቅ ያስታውቃል።

ቀን 62–68፦ የውሃ ፈተና

የሦስቱም ሰሌዳዎችና የናሙናው የታችኛው 10 ሳንቲ ሜትር በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ አምስት ቀን ቆየ፤ ጠዋትና ማታ ተረጠበ።

ሰሌዳ ለ በአራተኛው ቀን በጨርቁ ጠርዝ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። ዱቄት ለሻጋታም ለነፍሳትም ምግብ ነው።

ሰሌዳ ሐ ለሦስት ቀን ምንም ሳይሆን ቆይቶ በአራተኛው ጨርቁ አበጠ። ስንገልጠው ቪናቪሉ ከጨርቁ አልለቀቀም፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ምርጊት ይዞ ነው የተነሣው። የማጣበቂያው ጉልበት ከጭቃው ጉልበት ስለበለጠ የተቀደደው ግድግዳው ነው። እርጥበቱም መውጫ አጥቶ ከሽፋኑ ጀርባ ተጠራቅሞ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጠርዝ በቪናቪል የሚያያይዝ ሁሉ ይህን ሰሌዳ ቢያየው እንወዳለን።

ሰሌዳ ሀ ከታች ለሰለሰ፤ በሁለት ቦታ ለቀቀ። ጆንያው ተነሥቶ ጥላ ውስጥ በሦስት ቀን ሲደርቅ አብዛኛው ራሱ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ምርጊቱ ግን አልተጎዳም። ቡናማ የውሃ መስመር ቀረበት፤ ከጭቃውና ከሙጫው የሟሟው ነገር ውሃው የቆመበት ላይ ደርቆ ነው። ዑራ ላይ የተመዘገበውም መስመር ይህንኑ ይመስላል። በጨዋማ ሙጫ የተሠራው ናሙና ግን ከደረቀ በኋላም ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ መደቡም ላይ ነጭ አመዳይ ወጣ።

ቀን 70፦ ጥገና በሰሌዳ ሀ

ሳይመለስ የቀረው እብጠት የመዳፍ ግማሽ ያህላል። በጥፍር እየተመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ዳርቻ በእርሳስ በስሱ ተከበበ። ከላይኛው ጠርዝ በኩል በቀጭን የሕክምና መርፌ መጀመሪያ ጥቂት አረቄ ገባ፤ አቧራውን ያርሳል፣ ሙጫውም እንዲሰራጭ መንገድ ይከፍታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሁለት እጅ ውሃ የቀጠነ ሞቅ ያለ የብራና ሙጫ 3 ሚሊ ሊትር ተከተለ። በላዩ ለስላሳ ወረቀት፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ሰሌዳውን አጋድሞ ለአንድ ሌሊት። በማግስቱ ድምፁ ሞላ። ከታችኛው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ብቻ አሁንም ባዶ ነው፤ ሙጫው ሳይደርስ ረግቷል። በሚቀጥለው ጊዜ መርፌው ራሱ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ሥራውም ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ይሆናል።